የአባባ ይማም ሞተር ሳል ያዘው

ሰው ጤና ሲያጣ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ጤና ሲበዛበት ደግሞ እንደ እኔ የሰው ሞተር ይፈታል። ማንንም ለመንካት ብዬ አይደለም፣ ከራሴ ላይ ነው የምናገረው። ቤታችሁ ውስጥ በደህና የሚሠራ ነገር ካለ፣ ሬዲዮም ይሁን የውሃ ቧንቧ፣ ትዳርም ቢሆን፣ እባካችሁ «ትንሽ ላሻሽለው» አትበሉ። እኔ ብዬ አይቼዋለሁ። ያልኩበትንም ዋጋ ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተር እየገፋሁ ከፍያለሁ።

ሞተሩ የእኔ አይደለም። የአማቴ የአባባ ይማም ነው። አባባ ይማም ጡረታ የወጡ የጤና ሠራተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን የጨረሱት በኩታበር ገጠሮች፣ በዚያው ሞተር እየዞሩ ሕፃናት ሲከትቡ ነው። ሞተሩን እንደ ላም «እሷ» ነው የሚሏት። «ድክ፣ ድክ፣ ድክ» የሚል ቀስ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ ነበረው። ያን ድምፅ የሰማ የኩታበር ልጅ ሁሉ ክንዱን ይዞ ጎተራ ሥር ይደበቅ ነበር ይባላል። ዛሬ ጢም ያበቀሉ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ሞተሩ በአጠገባቸው ሲያልፍ ሳይታወቃቸው ክንዳቸውን ሲያሹ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአባባ ይማምን ዓይኖች ሞራ ጋረዳቸው። እኔ ልጃቸውን ዘሃራን ሳገባም እንደ ጭጋግ እንጂ እንደ ሰው አላዩኝም። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው ሊያሳክማቸው ሲወስዳቸው፣ ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝና እጄን ያዙ።

«ሞተሯን በአማና ነው የምሰጥህ» አሉኝ። «ሥራህ ሩቅ ነው፤ ተመላለስባት። ስመለስ እንደ ሰጠሁህ ትመልስልኛለህ።»

«ኢንሻአላህ አባባ፣ እንደ ዓይኔ ነው የማያት» አልኩ። ዓይኑን ሊታከም ለሚሄድ ሰው የሚባል ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን አልከፋቸውም፣ መረቁኝ።

ወሎ ላደገ ሰው አማና ምን እንደሆነ አይነገረውም። በአማና የተሰጠህ አንዲት መርፌ ብትሆን እንኳ የምትመልሰው ያቺኑ መርፌ ነው። ስለህ፣ ወልውለህ፣ አሳምረህ ብትመልስም የመለስከው ሌላ መርፌ ነው። ይህን አሳምሬ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ።

የምኖረው ደሴ ነው፤ የማስተምረው ኮምቦልቻ። የማስተምረው ደግሞ ጂኦግራፊ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ታሳፍረኛለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰላም አለፉ፤ ችግሩ የተማሪዎቹ አፍ ነበር። ጠዋት «ድክ፣ ድክ» እያልኩ በትምህርት ቤቱ በር ስገባ ግማሾቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ይሰጡኛል። «ቲቸር፣ ክትባት መጣ!» ይላሉ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ባጃጅ፣ ያውም አምስት ሰው የጫነ ባጃጅ፣ በሩ ላይ ቀደመኝና ግቢው በሙሉ አጨበጨበለት።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። አገሩን የማላውቀው አንድ ጡንቻማ ሰውዬ ከእኔ ሞተር ጋር መንታ የሆነ አሮጌ ሞተር ይዟል። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ፈትቶ ወረወረው። ሳጥኑ የፊልትሮ ቤት ነው፤ አየሩ እዚያ ውስጥ ተጣርቶ ነው ከቤንዚን ጋር ወደሚደባለቅበት ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው። በሳጥኑ ፈንታ ቡጢ የምታህል ቀይ ፊልትሮ ራቁቷን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ሰካና ጋዝ ሲሰጠው ሞተሩ እንደ አንበሳ አገሳ። ሰውዬው የሚናገረው ቋንቋ አይገባኝም፤ ግን «ሞተርህ ታፍኗል፣ ይተንፍስ!» የሚል መሰለኝ። ሰው መስማት የሚፈልገውን በማንኛውም ቋንቋ ይሰማል።

ቀዩን ፊልትሮ ደሴ ውስጥ ፈልጌ ገዛሁና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። መሣሪያዎቼ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና የሽንኩርት ቢላዋ ነበሩ። ዘሃራ ቢላዋዋን ፍለጋ ወጥታ አየችኝ።

«አባቴ ያውቃል?» አለችኝ።

«ሰርፕራይዝ ነው።»

«አባቴ ሰርፕራይዝ አይወድም።»

«ድምፁን ሲሰሙት ይወዱታል።»

«ቢጠይቀኝ አልዋሽም፣ ወላሂ» አለችና ቢላዋዋን ነጥቃኝ ገባች። ሳጥኑን አጥሩ ጥግ ወረወርኩት። ሞተሩን ሳስነሳው ግን የጎረቤት ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ ሄደ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት የፈተና ቀን ሆነ። ሐረጎን ለማያውቅ ልንገር። ደሴ ከላይ፣ ኮምቦልቻ ከታች ናቸው፤ በመካከላቸው ሐረጎ የሚባል፣ ተራራ ላይ የተጠመጠመ መንገድ አለ። የደሴ ሰው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ማርሹን ነፃ ያወጣና፣ ፎሌ ላይ ያደርግና በቁልቁለቱ ይንሸራተታል፤ መሬቱ ራሱ ይነዳዋል፣ ቤንዚኑ ይቀመጥለታል። ትራፊክ ፖሊስ አይስማኝ እንጂ እኔም ያደግሁት በዚሁ ልማድ ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ ፎሌ ላይ አደረግሁ፤ ጋዙን የምሰጠው ለድምፁ ብቻ ነበር። ሞተሩ ያገሳል፣ ተራራው ይመልሳል፣ እኔ እወርዳለሁ። ሁለት ሚኒባስና አንድ ድንጋይ የጫነ መኪና ቀደምኩ። አልፎ አልፎ ያስነጥሰዋል፤ የደሴ ብርድ ገብቶበት ነው አልኩና ተውኩት። ኮምቦልቻ ስደርስ ተማሪዎቹ ክንዳቸውን ሳይሆን ጆሯቸውን ያዙ። ያን ቀን ለመምህራኑ ሁሉ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ አስረዳሁ። ጉልበቱን ቁልቁለት ላይ ፈትኖ የሚፎክር ሰው ከደሴ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ ነገሩ ተገለበጠ። ከኮምቦልቻ ወጥቼ የመጀመሪያውን ዳገት ስጀምር ማርሽ አስገብቼ ጋዝ ብሰጠው «ኡህ» አለ። ጨመርኩለት፤ «ኡህ፣ ኡህ» አለ። የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ አንድ ጊዜ እንደ ጠመንጃ ተኮሰና ሞተሩ ጠፋ። አስነሳሁት፣ ሳለ፣ ተኮሰ፣ ጠፋ። ከሦስተኛው ኩርባ ጀምሮ ወርጄ ገፋሁ። ጠዋት የቀደምኳቸው ሚኒባሶች አንድ በአንድ እየቀደሙኝ ረዳቶቹ አንገታቸውን በመስኮት አወጡና «መምህር፣ ይተንፍስ!» አሉኝ። ወሬ ከቤንዚን ይፈጥናል።

እዚያ ዳገት ላይ ገለባ የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ ገበሬ ደረሱብኝ።

«ጠዋት እያገሳ የወረደው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ አባቴ።»

«አህያዬን አስደንብረህ ገለባዬን ገደል ውስጥ አስበትነኸኝ ነበር።»

«በአላህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ላቤን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ ወደ አህያዋ ዞሩ። «አብሽር» አሉኝ፤ «እሷም አየችህ፣ ተካካሳችኋል።» ከዚያ አህያዋ ቀደመችኝ። ጅራቷን ማወዛወዟን አልረሳም።

በማግሥቱ ደሴ ውስጥ እንድሪስ ወደሚባል መካኒክ ወሰድኩት። እንድሪስ በጆሮው ነው የሚያክመው፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «አስነሳው፣ አጥፋው፣ አስነሳው» ይላል። መጀመሪያ «ካንዴላው ነው» ብሎ እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ቀየረ። ቀጥሎ «ካርቡሬተሩ ቆሽሿል» ብሎ ፈትቶ በቤንዚን አጠበው። በመጨረሻ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ቀጭን መርፌ አንድ ደረጃ ከፍ አደረጋት፤ ቤንዚን ትጨምራለች አለ። ፒያሳን ሁለት ጊዜ ዞርኩበት፤ ሳሉ የለም።

«ወላሂ ከእንግዲህ ኮምቦልቻ አይደለም፣ ጅቡቲ ያደርስሃል» አለኝ እንድሪስ።

ጅቡቲን አላውቅም፤ ኮምቦልቻ ግን ወርጄ ጋዝ ስሰጠው ሳሉ እንደገና ጀመረው። እዚያ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ሞተሩን አዩ፣ ቀዩን ፊልትሮ አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼን ማነው የነካው?»

«ደሴ ያለ መካኒክ ነው፣ ጋሽ ታደሰ።»

«እመቤቴን፣ ገምቼ ነበር! የደሴ ሰው ስለ ካፖርት ጠይቀው እንጂ ስለ ሞተር ምን ያውቃል?» አሉና ቤንዚን የምታልፍባትን ቀዳዳ ሰፋ ባለችው ቀየሩልኝ። ሞተሩ ኮምቦልቻ ውስጥ እንደ ድመት አንኮራፋ። ደስ ብሎኝ ዳገቱን ጀመርኩ። እስከ አጋማሹ ወጣልኝ። ከአጋማሹ በላይ ግን ጭሱ ጠቆረ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ደሴ ስደርስ ከኋላዬ የመጣው ሰው ሁሉ እያሳለ ነበር። ሳሉ ከሞተሩ ወደ ሕዝቡ ተዛመተ ማለት ነው።

እንድሪስ ካንዴላውን ነቅሎ በሁለት ጣቱ ያዘው። «ይኼ ካንዴላ ነው ከሰል?» አለ። «ለዚያ ለኮምቦልቻ መካኒክ፣ ሙቀቱ አናትህን መትቶሃል ብሎሃል በልልኝ።» ቀዳዳዋን ወደ ነበረችው መለሳት። በማግሥቱ ኮምቦልቻ ላይ ሳለ። ጋሽ ታደሰም «ለዚያ ልጅ፣ ብርዱ ጆሮህን ደፍኖታል ብለውሃል በለው» አሉና ቀዳዳዋን አሰፏት። ደሴ ላይ ጨሰ። እንዲህ ስንመላለስ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሁለቱ ሰዎች በአካል ተያይተው አያውቁም፤ የሚሰዳደቡት በእኔ አፍ ነው። መልእክቱን ለማለዘብ ብዬ የምጨምራት ቃል እየበዛች ሄዳ አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ «እንዲያውም ደህና ልጅ ነው መሰለኝ፤ ሰላም በልልኝ» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ድካም ያተረፍኩት እሷን ነው።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? «ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር እየሳሳ ይሄዳል።» ደሴና ኮምቦልቻን ራሳቸውን ምሳሌ አድርጌ፣ በእጄ ተራራ እየሠራሁ አስረዳሁ። እጄ ቤንዚን ይሸታል። ተማሪዎቹ ጻፉ፣ ደወል ተደወለ፣ ቾኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁና የታመመ ሞተሬን ገፋሁ። አንዲት ነገር ብልጭ አላለችልኝም።

አባባ ይማም በየጁምዓው ይደውላሉ። ከሰላምታው ቀጥሎ «ሞተሬ እንዴት ናት?» ይላሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት አባባ» እላለሁ። አንድ ጁምዓ ግን «ድምጿ ናፈቀኝ፤ እስቲ አስነሳልኝና ስልኩን አስጠጋልኝ» አሉ። ደነገጥኩ። «አሁን መንገድ ላይ ነኝ፤ ቤት ስደርስ ልደውል» ብዬ ዘጋሁና በጎረቤት አጥር ዘልዬ ገባሁ። ጎረቤቴ ተመሳሳይ ሞተር አለው። ለመንኩት፣ አስነሳልኝ፣ ደወልኩ፣ ስልኩን ማርሚታው ሥር ያዝኩ። «ድክ፣ ድክ፣ ድክ» አለ።

አባባ ይማም ብዙ ጊዜ አዳመጡ። «ማሻአላህ» አሉና ዘጉት።

ጎረቤቴ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም። አፈርኩ። ሞተር መፍታት ሞኝነት ነው፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ሆዴ አውቆታል። ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት ልመልስ ብዬ የዚያኑ ቀን ወደ አጥሩ ጥግ ሄድኩ።

ሳጥኑ ውስጥ ዶሮ አለች። ቀይዋ የዘሃራ ዶሮ፣ ገለባ ተነጥፎላት፣ ክንፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። እጄን ስሰድ ነከሰችኝ። ሁለተኛ ስሰድ ዘሃራ ከቤት ወጣች።

«እንዳትነካት! አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች፤ ዛሬ ስምንት ቀኗ ነው።»

«ዘሃራ፣ የአባትሽ ሞተር አካል ነው እኮ!»

«ስትወረውረው የአባቴ አልነበረም?» አለችኝ። «ከቦታዋ ካነሳሃት እንቁላሉን ትተወዋለች። አሥራ አንድ ነፍስ ነው።»

ሃያ አንዱ ቀን እስኪሞላ አሥራ ሦስት ቀን ይቀራል። አባባ የሚመለሱት ገና በወሩ መጨረሻ ነው፤ ይበቃኛል ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ዶሮዋ ፊት ቁጭ ብዬ «አይዞሽ» እላት ነበር። ራሷን ዘሃራን እንኳ እንደዚያ ተንከባክቤ አላውቅም፤ ይህን ያለችውም ራሷ ናት።

ዶሮዋ በታቀፈች በአሥራ አምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አባባ ይማም ነበሩ። «ሐኪሞቹ ለቀቁኝ። ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ኮምቦልቻ እገባለሁ። መኪና እንዳትከራይ፤ በሞተሬ ነው የምትቀበለኝ» አሉ።

ያን ጊዜ የሞተሩ ካርቡሬተር በእንድሪስ እጅ ነበር የተስተካከለው። ለደሴ ደህና ነው፤ ለኮምቦልቻ ሳለኛ ነው። ጋሽ ታደሰ ዘንድ እንዳልደርስ ደግሞ ጊዜ የለም። ዱዓ አድርጌ፣ ፎሌ ላይ አድርጌ ወረድኩ።

አባባ ይማም ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ትከሻቸው ላይ ነጭ ፎጣ ጣል አድርገው ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ወጡ። እጃቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ያዙና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። ቆዩ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ድምፅህን ስሰማ ረዘም ያልክ ትመስለኝ ነበር» አሉ። ትንሽ አሰቡና «አይ፣ ደህና ነህ፤ አልሐምዱሊላህ» ብለው ተሳፈሩ።

ከተማው ውስጥ ቀስ ብዬ ስነዳ ሞተሩ ጉሮሮውን እየጠረገ ይዞን ሄደ። ዳገቱ ሲጀምር «ኡህ» አለ። «ኡህ፣ ኡህ» አለና ተኮሰ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ጠፋ።

«ውረድ» አሉኝ።

ሁለታችንም ወረድን። አባባ ይማም መነጽራቸውን አውልቀው ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። አዲሶቹ ዓይኖቻቸው ከቤንዚን ቋቱ ወደ ካርቡሬተሩ፣ ከካርቡሬተሩ ወደ ቀይዋ ፊልትሮ ሄዱ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ፊልትሮ ናት አባባ።»

«ሳጥኔስ?»

«ዶሮ ተቀምጣበታለች» አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት እውነት ሁሉ እንደዚያ ውሸት የሚመስል የለም።

«እንዲሁ ተቀምጣበት ነው ወይስ ታቅፋ?»

«ታቅፋ ነው። ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኗ ነው።»

«እ» አሉ። ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ፊልትሮዋ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠሙት። «አስነሳት» አሉ። ተነሳ። ጋዝ ስሰጠው ሳለ። አጥፍተው ሌላ ዙር ጠመጠሙ። አሁን ስሰጠው አልሳለም፤ ወፈር ባለ ድምፅ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለት መካኒክ ሦስት ሳምንት ያልቻሉትን ፎጣው ቻለው።

«ቆላው አየሩ ወፍራም ነው» አሉኝ፣ ጫፉን እየቋጠሩ። «ሳጥኗን ስታወልቅባት ደግሞ ጭራሽ ልቅ ለቀቅህባት። አየሩ ሲበዛባት ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ትስላለች። ከዚያ ለእሱ ብለህ ቤንዚን ብትጨምርላት ደጋው ላይ አየሩ ቀጭን ነውና ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ታጨሳለች። ሁለት አገር የምትኖር ሞተር አንድ ልክ የላትም። እኔ በሳጥኗ እያለችም ከቆላው ከሐርቡ ክትባት ይዤ ወደ ደጋው ወደ ኩታበር ስወጣ መንገድ ላይ ወርጄ የካርቡሬተሯን ብሎን ግማሽ ዙር አዞርላት ነበር።» ቀና አሉ። «አንተ የምታስተምረው ምን ነበር?»

«ጂኦግራፊ» አልኩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ... ተራራና ስለ አየር ነው አባባ።»

«ማሻአላህ» አሉ።

ሞተሩ ላይ ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ያቺ በስልክ ያሰማኸኝስ የማን ሞተር ነበረች?»

ሐረጎ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ቆሞ የሚያዳምጠኝ መሰለኝ። «የጎረቤት» አልኩ።

«ደህና ሞተር ናት። ማርሚታዋ ግን ተበስቷል፣ ያስበይደው በለው።» ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ቀጠሉ። «ሳጥኗን መፍታትህን ዘሃራን በሳምንቱ ጠይቄያት ነግራኛለች። ብረት ነው፣ ተፈትቶ ይገጠማል። እኔ በየጁምዓው የምደውለው ሞተሯን ብዬ መሰለህ? ዛሬ ይነግረኛል፣ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰባት ጁምዓ ደውለዋል፤ ሰባት ጊዜ «ደህና ናት» ብያለሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በአቧራ እንዳላመካኝ መንገዱ አስፋልት ነው።

«አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ።

«አውፍ ብያለሁ። ንዳ።»

ወጣን። አጋማሹ ላይ ሞተሩ ማጨስ ሲጀምር ከኋላዬ ትከሻዬን መታ አደረጉ፤ ወርጄ ፎጣውን አንድ ዙር ፈታሁ። አናቱ ላይ ጭርሱን ፈታሁት። አህያቸውን የሚነዱት ገበሬ መንገድ ዳር ቆመው አዩን፤ ሞተሩን ሳይሆን የአባባን ፎጣ ነበር የሚያዩት፤ ከነጭነት ወደ ጀበና ቂጥ ተለውጧል።

ቤት ስንደርስ አባባ ይማም ልጃቸውን ሳሙ፣ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ ቀጥታ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱና ሳጥናቸው ፊት ቁጢጥ አሉ። ዶሮዋ እሳቸውን አልነከሰችም። «እስኪፈለፈሉ ማንም እንዳይነካት» አሉ።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። አባባ ሳጥኑን በእጃቸው አጥበው፣ አድርቀው፣ በእጃቸው ገጠሙት። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ብሎን ጆሯቸውን አስጠግተው አዞሩ። ሲያስነሱት «ድክ፣ ድክ፣ ድክ» አለ። ዓይናቸው ድኖ ሳለ ጨፍነው ነው ያዳመጡት። ከዚያ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። እኔ እንደ ድሮው ይመልሱልኛል ብዬ እጄን ትንሽ ዘርግቼ ቆሜ ነበር። አዩና ጎንበስ አሉ፤ ከጫጩቶቹ አንዱን አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ይኼን በአማና ያዝልኝ» አሉ።

አሁን ወደ ሥራ የምሄደው በሚኒባስ ነው። ጫጩቱ አድጎ አውራ ዶሮ ሆኗል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሲጮህ መጨረሻው ላይ ያስነጥሰዋል። ጎረቤቴ «ትንሽ ቃሪያ አብላው፣ ይወፍርለታል» ብሎኝ ነበር፤ አልነካሁትም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር አባባ ይማም ከሶላት በኋላ «ድክ፣ ድክ» እያሉ በራችን ላይ ይቆማሉ።

«አማናዬ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

«ደህና ነው አባባ። ማክሰኞ ከጭራው አንድ ላባ ጥሏል» እላለሁና ላባውን ከኪሴ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።